በሕይወት ላለች እህቴ የተሠራ መርዶ

ይህን ታሪክ ከእኔ በፊት ሌሎች አውርተውታል። በዚያን ጊዜ አቡ ዳቢ የነበራችሁ ምናልባት ሰምታችሁት ይሆናል፤ የሰማችሁት ግን ዝናሽ እንዳወራችው ነው። እሷ ስታወራው አጭር ነው። አስካለ አል ዓይን ስትዘፍን ውላ በማግስቱ የእህቷን መርዶ ሰማች፣ እኛም ሰው ሰብስበን በወጉ ነገርናት፣ አስተዛዝነን አገሯ ሸኘናት። በዚህ ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም። የጎደለ ነገር ግን አለ። እኔ የምጽፈው የጎደለውን ነው። የዝናሽን ስም ልቀይረው አስቤ ነበር፤ ኋላ ተውኩት።

መጀመሪያ እኔ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አስካለ እኔ ነኝ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ናት። እቴቴ ነበር የምላት። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አዲስ አበባ ገብቼ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር መዝፈን ጀመርኩ። እቴቴ ይህን ስትሰማ፣ "አዝማሪ እህት የለኝም በሏት" ብላ ላከችብኝ። አባታችን ቄስ ነበር። ለፋሲካ የላክሁላትን ቀሚስ ባመጣላት ሰው እጅ መለሰችው። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ባንዱ ሲበተን ወደ አቡ ዳቢ ለሰው ቤት ሥራ ሄድኩ፣ ዓመታት አለፉ፣ ፀጉሬ ሸበተ፤ እቴቴ ቃሏን አላጠፈችም።

ማዳሜ ሊባኖሳዊት ነበረች። ልጇ ራሚ በእጄ በልቶ ያደገ ነው። ሲጎለምስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ትንሽ የሙዚቃ ድርጅት አቋቋመ። ስሙን አልጠራውም። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዞር ብለው የማያዩዋቸውን የሮክ ባንዶች እየቀዱ ሲዲ ያወጣሉ። ስቱዲዮው ሙሳፋህ ውስጥ ከመኪና ቀለም ቤት በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነበር። ከታች ያለው የቀለም መርጫ ሞተር ስለሚጮህ የሚቀዱት ዓርብ ዓርብ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲያርፍ ነው። እኔ አጸዳላቸውና ምግብ እሠራላቸው ነበር። ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ወደ ድርጅቱ ተዛወረ፤ ራሚ ካፊሌ፣ ማለትም በሕግ ኃላፊዬ፣ ሆነ፣ ፓስፖርቴም እሱ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

አንድ ቀን እናቱ ነግራው ኖሮ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

"ማማ አስካ፣ ዘፋኝ እንደነበርሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅኸኝም" አልኩት።

በአማርኛ እየዘፈንኩ እነሱ በጊታርና በድራም ያጅቡኝ ጀመር። ጩኸታቸው መጀመሪያ ራሴን ያሳምመኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። የባቲን ቅኝት በዚያ ጊታር ሲመቱት የማይረባ ነገር አልነበረም። ሲዲዎቻቸው ላይ ዘፈንኩ። ኢቃማዬ ላይ ግን ሥራ በሚለው ቦታ እስከ መጨረሻው "ጽዳት" ነበር የሚለው።

ዝናሽ የእቴቴ ጎረቤት ልጅ ናት። ወደዚያ አገር ያመጣኋት እኔ ነኝ። አል ዋሕዳ አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ትርፍ ጊዜዋን ስቱዲዮው ውስጥ ነበር የምታሳልፈው። ፀጉሬን ትሠራለች፣ ከኋላዬ ቆማ ታጨበጭባለች፣ እልል ትላለች። እልልታዋ በእውነት ጥሩ ነበር። የእቴቴን ወሬ የምሰማውም በእሷ በኩል ነው፤ እናቷ ከደሴ ስትደውል የሰፈሩን ሁሉ ታወራላታለችና። ራሚ አሁን የምነግራችሁን ቀረጻ ስንጨርስ የእሷንም ኢቃማ ወደ ድርጅቱ ሊያዛውርላት ቃል ገብቶላት ነበር። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ክፉ ስለነበረች ቀኑን በጉጉት ትጠብቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ቀረጻው አል ዓይን ከተማ፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር ውስጥ፣ በግንብ በታጠረ አንድ የቴምር ግቢ ሊሆን ተወሰነ። ሰው ተጋብዞ፣ በሰው ፊት እየተዘፈነ በቀጥታ የሚቀዳ ሙሉ ሲዲ። ግቢው የአንድ የራሚ ወዳጅ ንብረት ነው፤ የሰጣቸውም አንዲት ዓርብ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰቡ ይገባበታል። ያቺ ዓርብ ካለፈች ቀረጻው የለም፤ እንደ ራሚ አባባል ድርጅቱም የለም።

አሁን እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ እንድታውቁት የምፈልገው ነገር አለ። ከዚያች ዓርብ በፊት በነበረው ማክሰኞ የእቴቴ ልጅ ገነት ከደሴ ደወለች። የእኔን ስልክ ስለማታውቅ የደወለችው ለዝናሽ ነው። "እማዬ ሆስፒታል ናት፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል፣ አስካለን አምጡልኝ እያለች ነው" አለቻት። አስካለን አምጡልኝ። ያን ሁሉ ዘመን ስሜን ያልጠራችው እህቴ። ማክሰኞ ቢነገረኝ ረቡዕ እሳፈራለሁ፣ ሐሙስ ደሴ ነኝ። ዝናሽ ለራሚ ነገረችው። ራሚ ለሌሎቹ ነገረ። ለእኔ የነገረኝ የለም። እንዴት እንዳወቅሁት ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ዝናሽ ክፍሌ መጥታ ሹሩባ ሠራችኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እሷ አልጋው ላይ፣ ራሴን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ።

"ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ደክሞኝ ነው እትዬ።"

"አንቺ ደክሞሽ ዝም ያልሽበት ቀን አለ?"

አልሳቀችም። "አንገትሽን ቀጥ አድርጊ፣ ይጣመምብኛል።"

"አጠበቅሽው።"

"እንዳይፈታብሽ ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ልትዘፍኚ አይደል?"

ጣቶቿ አልተንቀጠቀጡም። ኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አልተንቀጠቀጡም።

ከቀትር በፊት በትልቅ ቫን ተነሳን። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። የሮክ ልጆች ሁልጊዜም ጥቁር ነው የሚለብሱት፤ ከልብሳቸው ምንም ማወቅ አይቻልም ነበር። ከፊት ወንበር ተነስቶ የማያውቀው ድራም መቺው ማርዋን በሩን ከፈተልኝ።

"ማማ አስካ፣ ዛሬ ፊት ተቀመጪ።"

"ምን ነካህ? ታመሃል?"

"አከበርኩሽ እንጂ።"

"እስከዛሬ የት ነበርክ?"

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ማርዋን ግን መሬት መሬት አየ። መንገዱ ላይ፣ በሁለቱም ወገን ያሉት ዛፎች እያለፉን፣ አንዱ ውኃ ያቀብለኛል፣ ሌላው ንፋሱ በዛብሽ ወይ ይለኛል። ዘፋኝ ሆኜ መከበሬ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ራሚ ይነዳል። ልቤ ስለተከፈተ ለወራት ሳብሰለስለው የነበረውን ነገር አወጣሁት።

"ራሚ፣ ለገና ፓስፖርቴን ስጠኝ። አገሬ ልሂድ።"

"ለምን?" አለ። አላየኝም።

"እህት አለችኝ። ብታባርረኝም ደጇ ላይ ልቁም።"

"ኢንሻአላህ" አለ። "ከዛሬ በኋላ የፈለግሽውን።"

ዝናሽ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። አረብኛ በደንብ ትሰማለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ግቢው ደስ ይላል። በቴምሮቹ መሀል ጠባብ የውኃ ቦይ ያልፋል። ወሩ ቀዝቃዛው ወር ስለነበር ፀሐዩ አይከብድም። መድረኩን ከግድግዳው ራቅ አድርገው ሠርተውታል። ድምፅ የሚቀዳው ፊሊፒናዊው ኔስቶር ከመድረኩ ማይኮች ሌላ ሁለት ማይኮች አመጣ፤ የሰውን ጭብጨባና የግቢውን ድምፅ እንዲይዙ ራቅ ወዳሉ ቴምሮች አሰራቸው። አንዱን ግድግዳው ጥግ ያለ ቴምር ላይ፣ ከራስ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ "በዚያ ዛፍ ሥር ማንም እንዳያወራ" አለን። ዝናሽ በዚያን ሰዓት ልብሴን ልትተኩስ ቤት ውስጥ ነበረች።

ሰው መግባት ጀመረ። አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ ፈረንጆች፣ ጥቂት የአገሩ ወጣቶች። በየቤቱ የሚሠሩ የእኛ አገር ሴቶችም ዝናሽ ጠርታቸው ስምንት ይሁኑ ዘጠኝ በአንድ በኩል ቆመዋል። ከእነሱ አንዷ በዕድሜ የምትጠጋኝ ዘይነባ የምትባል የሐይቅ ከተማ ሴት ነበረች። ያን ቀን ነው ያወቅኋት። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣

"የጥሩወርቅ እህት አይደለሽም? ደሴ፣ የሰኞ ገበያዋ?" አለች።

"ነኝ።"

"ታዲያ እንዴት አደረጋት? ሻል አላት?"

"ምኑ ነው ሻል የሚላት?"

ዘይነባ ግራ ገባት። "ሆስፒታል… አክስቴ የተኛችበት ክፍል ውስጥ ናት ብለውኝ…"

ዝናሽ የተኮሰችውን ልብስ በክንዷ ይዛ ከየት እንደመጣች አላየኋትም። መሀላችን ገባች።

"አይ፣ እሷኮ ሌላዋ ጥሩወርቅ ናት። የፒያሳዋ። ሁለቱን ሰው ሁሉ ያምታታቸዋል።"

"ሰኞ ገበያ ነው ያሉኝ" አለች ዘይነባ።

"የፒያሳዋ ናት አልኩሽ፤ እኔ ጎረቤት ነኝ፣ እኔ አላውቅም? እትዬ አስካለ፣ ነይ ልበሺ፣ እየጠበቁሽ ነው።"

እኔም ዝናሽን ጠየቅኋት። ልብ በሉ፣ ጠይቄያለሁ። ልብሱን ስታስተካክልልኝ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ "እቴቴ ደህና ናት?" አልኳት።

"ደህና ናት። ትናንት እማዬን አነጋግሬያታለሁ" አለችኝ።

ዘይነባን ወደ ኋላ ዞሬ ሳያት፣ "አፉ በሉኝ" ብላ ይቅርታ ጠይቃ ነጠላዋን አስተካከለች። እሷ ግን የምታየው ዝናሽን ነበር።

ከዐሥር ሰዓት ጸሎት በኋላ ጀመርን። አራት ዘፈን ዘፈንኩ። ስለ ድምፄ ሌሎች ያወሩትን መድገም አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጥሩ ነበር። አራተኛው ላይ ጊታር መቺው ራሱ መምታቱን ረስቶ እኔን ሲያይ አስታውሳለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲሰማ አቆምን። እንደዚያ ነበር የተስማማነው፤ አዛን እያለ አይቀዳም፣ አይዘፈንም። ኔስቶር መሣሪያውን ዘጋ። የሚሰግዱት ወደ ግቢው ሌላኛው ጫፍ ሄዱ፣ ሌላው ሻይ ያዘ። እኔ ከመድረኩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን አሳረፍኩ። አዛኑ እንዳለቀ ኔስቶር፣ ወፎቹና ውኃው ደስ ብለውት ኖሮ፣ መሣሪያውን መልሶ ከፈተው። የግቢውን ድምፅ ልያዝ ብሎ ነው። ይህን በኋላ እሱ ራሱ ነገረኝ።

በዚህ መሀል የዝናሽ ስልክ ጮኸ። ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከሰው እየራቀች ወደ ግድግዳው ጥግ ስትሄድ አየኋት። ፀጉር ቤት የሚፈልጓት መሰለኝ።

ስትመለስ ፊቷን በሶፍት ጠርጋ ነበር። "ላቤን ነው" አለች፤ ሳልጠይቃት። ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ አነጋገረቻት፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ከዚያ ዘይነባ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ገና ሦስት ዘፈን ይቀራል፣ የት ትሄዳለች አልኩ በልቤ።

አምስተኛው የሠርግ ዘፈን ነበር። ጊታሩን ፈጠን አድርገው፣ እኔም ከመድረኩ ፊት ወጣ ብዬ እስክስታ የምመታበት። ዝናሽ ከኋላዬ በቦታዋ ቆመች። ምልክቱን ስሰጣት እልል አለች። ረዥም፣ የጠራ እልልታ። ፈረንጆቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ሁለተኛ ጊዜም እልል አለች።

አቡ ዳቢ ስንመለስ ሁሉም ተኝቷል። ዝናሽ ከእኔ ጋር ልደር ብላ ክፍሌ መጣች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ዝናሽ ለብሳ ተቀምጣ ነበር፤ እሷው ከፈተች። የእኛ አገር ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አንድ በአንድ ገቡ። የመጀመሪያዋ ስትገባ አወቅሁ። እንዲህ ሆኖ ለሌላ ምክንያት የሚመጣ ሰው የለም። የማላውቀው ማን እንደሞተ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወዲያው አወቅሁት፣ ሌላ ሰው የለኝማ።

"እትዬ ጥሩወርቅ ትናንት ማታ አርፋለች" አለችኝ ዝናሽ፤ ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹም ጮኹ።

"ታማ ነበር?" አልኩ።

"ድንገት ነው። ድንገት ነው አሉ።"

እኔ አላለቀስኩም። ስለ ራሴ ላጋንን ብዬ አይደለም፤ እንባ አልመጣም። እጄን ወደ ራሴ አንስቼ ሹሩባውን መፍታት ጀመርኩ። ጠብቆ ስለተሠራ ጊዜ ወሰደብኝ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ አንዱን ጨርሼ ሌላውን እፈታለሁ። ራሚ በሩ ላይ ቆሟል። ፖስታ ሰጠኝ፤ ውስጡ ፓስፖርቴና የአውሮፕላን ቲኬቴ ነበሩ። የዚህ ልጅ ፍጥነት፣ ብዬ አመሰገንኩት። አመሰገንኩት።

ደሴ ስደርስ እቴቴ ተቀብራለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተነሥቶ ተቀበለኝ። ገነትን ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ባለችበት ቆመች። ከእናቷ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ያው ግንባር፣ ያው አገጭ። አየችኝና በቀስታ፣

"ጨረስሽ?" አለችኝ።

ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። ጉዞውን፣ መንገዱን ማለቷ መሰለኝ። "አዎ" አልኳት። ፊቷን አዞረች። እዚያ በነበርኩባቸው ቀናት ሌላ ቃል አልጨመረችልኝም። የእናቷን ቂም ወረሰች አልኩና እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለቤተሰባችን አዲስ አይደለም።

ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ወለሉን አጠብ ነበር፣ ሩዝ እቀቅል ነበር፣ ሲጠሩኝ እሄድ ነበር። በውስጤ ምንም አልነበረም። ለወራት እንደዚያ ቆየሁ፤ እንደ ሐዘን እንኳ አልነበረም፣ እንደ ደነዘዘ ጥርስ ነበር።

ሲዲው ታትሞ ሲመጣ ኔስቶር አንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጠኝ። ሰዓቱ የምሳ ነበር፣ ስቱዲዮው ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን። "ስሚው፣ ከአራተኛው በኋላ ያለውን ስሚ፤ ራሚ አልቆረጠውም" አለኝ በኩራት። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝና እሱ ምግቡን መብላት ጀመረ።

አራተኛው ዘፈን አለቀ። ጭብጨባ፣ ከዚያ ጸጥታ። ወፎች። የውኃው ድምፅ። የሻይ ብርጭቆ ሲነካካ። ከዚያ ስልክ ጮኸ፣ እየቀረበ መጣ። ከዚያም የዝናሽ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር እንደቆመች ሆኖ፤

"ሃሎ እማዬ… መቼ?… አሁን?… እኔን… አይ፣ አታውቅም። መታመሟንም አልነገርኳትም… ለነገነት ነግሬያታለሁ ብያቸዋለሁ፣ ዘፈን አለባት፣ ጨርሳ ትመጣለች ብያለሁ። እንዳታወሪብኝ፣ እሺ?… እሺ። ትጨርስና።"

ከዚያ አምስተኛው ዘፈን ጀመረ። እልልታው መጣ።

ማዳመጫውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ቆንጆ አይደለም?" አለ ኔስቶር። "ስልኳ እንኳ ደስ ይላል። ምንድን ነው የምትለው?"

"ሰላምታ ነው" አልኩት።

እነሱ አማርኛ አይሰሙም። ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምተውት ይሆናል፤ ለእነሱ ከወፎቹ አንዱ ነው።

ታክሲ ይዤ አል ዋሕዳ፣ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ዝናሽ የአንዲት ሴት ፀጉር እያደረቀች ነበር። ሲዲው መስታወቱ ሥር፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ቆሟል።

"አልሰማሽውም?" አልኳት።

"የት ጊዜ አለኝ እትዬ? እኔስ እዚያው ነበርኩ።"

"ማክሰኞ ማን ነው የደወለልሽ?"

ማድረቂያውን አጠፋችው። ደንበኛዋ በመስታወት አየችን።

"ማን ነገረሽ?"

"አንቺ ነገርሽኝ። ሲዲው ላይ ነሽ።"

ወደ ኋላ ክፍል ወሰደችኝ። ፎጣ የሚቆለልበት ክፍል ነው። እዚያ ቆመን ነው የተነጋገርነው።

"ለአንቺ ብዬ ነው" አለች። "ብቻሽን በሰው አገር ድንገት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? መርዶ እኮ ወግ አለው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጠዋት ላይ ነው የሚነገረው።"

"መርዶ ለሞተ ነው" አልኳት። "እህቴ አልሞተችም ነበር።"

ከክምሩ አንድ ፎጣ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

"ማክሰኞ በሕይወት ነበረች። ረቡዕም፣ ሐሙስም። አምጡልኝ እያለች ነበር። እሺ እኔን ደበቅሽኝ፤ ለእነሱ ነግሬያታለሁ ያልሽው ለምንድን ነው?"

"ምን ልበላቸው? አልነገርኳትም ብላቸው ስልክሽን ስጪን ይሉኛል። በቀጥታ ይደውሉልሽ ነበር።"

"አዎ። ይደውሉልኝ ነበር።"

"ዘፈኑስ? ያ ሁሉ ሰው የደከመበት? ራሚ ግቢውን ለአንዲት ቀን ነው ያገኘው። ለእኔስ አታዝኚልኝም? ኢቃማዬ…"

እዚያ ላይ አቆመች። እኔም ከዚያ በላይ መስማት አልፈለግሁም። ፎጣዎቹን አስታውሳለሁ፤ በቀለም በቀለም ለይታ ነበር የደረደረቻቸው።

ራሚን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ታውቅ ነበር?"

"ዝናሽ ባህላችሁ ነው አለችኝ። ለሰው ድንገት አይነገርም አለች። እኔ ባህላችሁን አከበርኩ ማማ አስካ።"

"እህቴ ሞታለች ብላህ ነበር?"

"ታማለች አለችኝ።"

"ፓስፖርቴን ከመሳቢያ መቼ አወጣኸው?"

ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር እንደሚያደርገው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ማስተካከል ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማክሰኞ ነው ያወጣው። ማክሰኞ አውጥቶ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ፣ እስከ ቅዳሜ ጠበቀ። ደብቆ ቢረሳው ይሻለኝ ነበር።

ዝናሽ በስልኩ ላይ ያለችውን ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ፊቱ ነጣ።

"በሚቀጥለው እትም እቆርጠዋለሁ" አለ። "ስልኩን፣ ድምፁን፣ ሁሉንም እናጠፋዋለን።"

"አትንካው።"

"ለምን?"

"አትንካው አልኩህ። ኸላስ፣ በቃ።"

ይቅር ያልኩት መሰለው። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። በዚያው ወር ለቅቄ ሌላ ቤት ገባሁ፤ ልብስ ማጠብና ልጅ መያዝ። ማይክ ፊት ዳግም አልቆምኩም። አልማልኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲጠሩኝ አልሄድኩም፣ በቃ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ከአገር ውጭ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ወጋችንን አልነቅፍም። ሰው ብቻውን ሆኖ ሞት እንዳይሰማ ማድረግ ደግ ነገር ነው፤ ያ ጠዋት ክፍሌ የሞሉት ሴቶች አብዛኞቹ በደግነት ነው የመጡት። ግን ይህ ደግነት ለሞተ ሰው የተሠራ ነው። የታመመ ሰው ሲጠራችሁ መሀል ላይ ቆሞ "ትጨርስና" የሚል ሰው ወጉን እየጠበቀ አይደለም፤ የራሱን ጉዳይ እየጠበቀ ነው። ስልካችሁን ለቤተሰባችሁ በእጃችሁ ስጡ። ተጣልታችሁም ቢሆን ስጡ። እኔ የእኔን ያልሰጠሁት የሚፈልገው ሰው ያለ ስላልመሰለኝ ነው።

እቴቴ እኔ ዘፈን መርጬ የቀረሁባት መስሏት ነው የሞተችው። "አዝማሪ እህት የለኝም" ያለችው ነገር በመጨረሻዋ ሰዓት ልክ ሆኖ ታያት። ይህን የሚያስተካክልልኝ ሰው በምድር ላይ የለም። ዝናሽ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የራሷ ፀጉር ቤት አላት ይባላል፤ ከወጪ ወራጁ ጋር ስታወራም ያንን አጭሩን ታሪክ ነው የምታወራው። ሲዲው እጃችሁ ከገባ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች እህቴ በሕይወት እያለች የተዘፈኑ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከሞተች በኋላ። መሀሉ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጉት።

ለገነትም ሲዲውን በሰው ላክሁላት። ደብዳቤ አልጻፍኩም። ከሽፋኑ ጀርባ ላይ ስልኬንና "ከአራተኛው በኋላ" የሚል ብቻ ጻፍኩበት። ለብዙ ጊዜ ምንም አልሰማሁም። አንድ ቀን ከሰዓት የልጆቹን ልብስ ስተኩስ የማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ደወለ።

"ሰማሁት" አለች ገነት።

"እሺ" አልኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከኋላዋ መኪና ያልፋል።

"ከዚያ በኋላ እልል የምትለው፣ እሷው ናት?"

"እሷው ናት።"

ስልኩን አልዘጋችውም። እኔም ካውያውን ከልብሱ ላይ አንስቼ በጎኑ አቆምኩት።